መጨረሻቸውን ያላየኋቸው ፊልሞች

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 9

ደብተሩ የባሌ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር አይቶ ሲመጣ እዚህ ይጽፋል። ይሄ አስራ አንደኛው ደብተር ነው፤ ግማሹ ገና ባዶ ነው። ፍርዱ ሦስት ብቻ ነው፤ «ይታያል»፣ «አይታይም»፣ «ለዝናብ ቀን»። የፊልሙን መጨረሻ የነገረውን ሰው ሳምንት ያኮርፈዋል።

ማክሰኞ ዕለት ማዳበሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፣ በማሽን ነው የሚተነፍሰው። እኔን የሚያስገቡኝ በቀን አንዴ፣ ከአስራ አንድ ሰዓት እስከ አስራ አንድ ከሩብ ነው። የቀረውን ቀን ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። ሲኒማ ቤቱ ከሆስፒታሉ ማዶ ነው። ዓርቡ ባዶ ሆኖ ከሚቀር ብዬ ገባሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ፊልሙ መጥረቢያ የያዘ ሰው ነው። አርባ ሰው በአንድ መጥረቢያ ጣለ። ሸሚዙ በደም ርሷል፣ አንድ ቁልፍ ግን አልተበጠሰም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ክር የት እንደሚሸጥ ቢነግሩኝ ለደንበኞቼ ሴቶች ሁሉ የሳሪ ሸሚዝ በእሱ እሰፋላቸው ነበር። ለአስራ አንድ ሃያ ጉዳይ ሲሆን ወጣሁ፤ እንዴት እንዳለቀ አላየሁም። ለዝናብ ቀን።

ቅዳሜ፣ 10

ዶክተሩ ለውጥ የለም አለ።

ነርሷ፦ «ስሙን እየጠራሽ አናግሪው፤ አንዳንዶቹ ይሰማሉ።» የባሌን ስም ጠርቼ አላውቅም፣ በኛ አገር ሚስት አትጠራም። ሃያ ስምንት ዓመት «ይስሙኝማ» እያልኩ ነው የኖርኩት። በአፌ አንቱ እለዋለሁ፤ ደብተር ላይ ግን ማን ያየኛል። «ይስሙኝማ» አልኩት። ከዚያ ስለ መጥረቢያው ነገርኩት። አስራ አምስቱ ደቂቃ አለቀ።

ሰኞ፣ 12

ማስታን ቢ ትባላለች፤ ከጉንቱር ናት። እህቷ ከባሌ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ተኝታለች። ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ከቆርቆሮ ሳህን ቢርያኒ ስትበላ፣

«የት ነው ከሰዓት ከሰዓት የምትጠፊው?» አለችኝ።

«እዚሁ ቅርብ።»

«ቅርቡ ሲኒማ ቤት ነው? የዓርቡ ቲኬት ከቦርሳሽ ወድቆ አንስቼልሻለሁ።» ቦርሳዬን ዘጋሁት። «አትደንግጪ። ይዘሽኝ ካልሄድሽ ነው የማወራብሽ» አለችኝ።

ይዣት ሄድኩ። የመንፈስ ፊልም ነው። ምራቲቱ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ሞታለች፤ ማታ ማታ የአማቷን ሳሪ ለብሳ ወጥ ቤት ትገባለች። መብራቱ በጠፋ ቁጥር ማስታን ቢ ክንዴን ጨምድዳ ትይዛለች። እኔ አልፈራሁም። ድሮ የመጋረጃ ጥላ የሚያስደነግጠኝ ሰው ነበርኩ፤ ባሌ እንዲህ ያለ ፊልም ላይ ዓይኔን በሻርፑ ይሸፍንልኝ ነበር። ዛሬ ግን ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ የማይ ያህል ነው ያየሁት።

እረፍት ላይ ሳምቡሳ በላን። ለአስራ አንድ ሃያ ጉዳይ ተነሳን። መንገድ ስንሻገር ማስታን ቢ፣ «ምራቲቱ አልሞተችም፣ እኔ ልንገርሽ። የገደላት የመሰለው ባሏ ነው የሞተው» አለች። ለባሌ ጉድጓዱ ድረስ ያለውን ነገርኩት። የማስታን ቢን ግምት አልነገርኩትም። ይታያል።

ረቡዕ፣ 14

ሳንክራንቲ ነው፣ የመኸር በዓላችን። ከደረጃው ላይ ሆኜ በክር ታስረው በሰማይ የሚበሩ የወረቀት ወፎች አየሁ፣ የልጆች ናቸው።

የባሌ ታላቅ ወንድም ሱባራዩዱ ከመንደር መጣ። ባቫጋሩ ነው የምለው፤ እሱ «አማ» ይለኛል፣ በኛ አገር ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። የበዓሉን የሰሊጥ ጣፋጭ አምጥቶልኝ ሳልበላው ያዝኩት። ኮሪደር ላይ ቆመን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አማ፣ ዶክተሩ ለኔ የነገረኝን ላንቺም ነግሮሻል።»

«ነግሮኛል።»

«ከአሁን ወዲያ ማሽኑ ነው እንጂ እሱ አይደለም። እንውሰደው። ትንፋሹ እያለ በአባታችን በር ይግባ። ከሞተ በኋላ ከሆነ ደጅ ነው የሚጋደመው፤ እንደ መንገደኛ። ወንድሜን እንደዚያ አላየውም።»

እውነቱን ነው። ውጭ የሞተ ሰው ደፍ አያልፍም፤ በረንዳ ላይ ይታጠባል፣ ከበረንዳ ይወጣል። የእነሱ አባት እርሻ ላይ ነበር የሞቱት፤ በራሳቸው ቤት በራፍ በዝናብ አድረዋል ይባላል። ባቫጋሩ ያኔ አስራ ሁለት ዓመቱ ነበር።

«አንቺ እሺ ካላልሽ አልነካውም» አለኝ።

«በዓሉ ይለፍ» አልኩት።

ዓርብ፣ 16

በአንድ ሳምንት ሁለተኛው የጀግና ፊልም። ይሄኛው ባቡር በእጁ አቆመ። ጀግናው ብቅ ሲል ጎረምሳው ሁሉ ወንበር ላይ ወጥቶ የተቀዳደደ ወረቀት በተነ፤ እንደ ሠርግ ሩዝ ከላያችን ወረደ። ማስታን ቢ አፏ ውስጥ ገብቶባት ስትተፋ ሳቀች። አንድ ነገር አልክድም፣ ልብሱ በደንብ ተሰፍቷል። ለዝናብ ቀን።

ሆስፒታል በር ላይ ባቫጋሩ ቆሟል። እንደሚመጣ አልነገረኝም።

«የት ነበርሽ አማ?»

«ቤተ መቅደስ።»

እጁን ዘርግቶ ከጸጉሬ ውስጥ ቢጫ ወረቀት አወጣ። ከዚያ አንድ ቀይ። መዳፉ ላይ አድርጎ አያቸው፣ ሰጠኝም። በዚህ አገር ቤተ መቅደስ ውስጥ ወረቀት የሚበትን እንደሌለ ልጅም ያውቀዋል።

«ዓርብ ነው ብዬ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። በልጅነቱም ዓርብ አይያዝም ነበር» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ሰኞ፣ 19

ሰበብ ሳጣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ ወደ ራሳችን ቤት ለምን አንወስደውም? አስራ ዘጠኝ ዓመት የተከራየነው ቤት ነው። ለአከራያችን ደወልኩላት።

«ቫሱንዳራ፣ እህቴ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «ሰውየው ለኔ እንደ ወንድም ነው። ግን በክፉ ኮከብ ቀን ቤቱ ውስጥ ቢያርፍብኝ ቤቱን ስድስት ወር ልዘጋው ነው፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ልጄ አርግዛ ተቀምጣለች። እዚያው ሆስፒታል ይሁን። እዚያ ሁሉም ነገር አለ አይደል?»

«አለ» አልኳት።

«በልተሻል ግን?»

«በልቻለሁ።»

እንግዲህ የቀረው የባቫጋሩ ቤት ነው። ጥሩ ቤት ነው፣ ሰፊ ነው። ከገባሁ ግን እንደማልወጣ አውቃለሁ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ከተማ ምን ታደርጋለች ይሉኛል። የስፌት መኪናዬ እዚያ የት ይቀመጣል ብዬ አሰብኩ። እሱ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኖ እኔ ስለ ስፌት መኪና። ይህን መጻፍም አልነበረብኝም።

ፊልም፦ አማልክቱ ሁሉ በገመድ የሚበሩበት። አይታይም።

ረቡዕ፣ 21

የፍርድ ቤት ፊልም። አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሰው አንሞላም። ተከሳሹ እስከ እረፍቱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ጠበቃይቱ ትለምነዋለች፣ ዳኛው ይቆጣዋል፣ እናቱ ትምላለች፣ እሱ ዝም። እስካሁን ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ ሥራውን የሚያውቅ ተዋናይ እሱ ብቻ ነው። ይታያል። ባሌ ቢሆን ሁለት ጊዜ ያየው ነበር።

ስመለስ የባቫጋሩ ሚስት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስልክ ታወራለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። «ባሏ እዚያ ተጋድሞ እሷ ፊልም። ኧረ እንባ እንኳ የላትም፣ ዓይኗን አይቼዋለሁ፣ ደረቅ ነው።» ከዚያ ዘወር አለችና አየችኝ። «ነይ እድሊ ብዪ» አለችኝ። በላሁ።

እንባውን እኔም ፈልጌዋለሁ። ማታ መስታወት ፊት ቆሜ እንዴት እንደወደቀ ለራሴ ነገርኩት፣ ሚዛኑ ከእጁ እንዳመለጠ፣ ጫማው አንዱ መንገድ ላይ እንደቀረ። ስለ ሌላ ሰው የምናገር ነበር የመሰለኝ።

ዓርብ፣ 23

የፍቅር ፊልም፣ ኮሌጅ ውስጥ። ልጁ አውቶቡስ ላይ ነው፣ ልጅቷ በዝናብ ቆማለች። ማስታን ቢ መሀረቧን አወጣች።

«ምን ያስለቅስሻል? ገና አልተዋወቁም እኮ።»

«መተዋወቃቸው መች ይቀራል» አለችኝ።

እህቷ ድናለች፤ ነገ ወደ ታችኛው ክፍል ይወስዷታል። እዚያ ቀኑን ሙሉ ከሕመምተኛ ጋር መሆን ይቻላል። ሳምቡሳውን ለሁለት ስትቆርሰው፣

«አንቺስ? ምንድን ነው የምትጠብቂው?» አለች።

«ዓርብ ይለፍ ብያቸዋለሁ።»

«ስንተኛው ዓርብ?»

ግማሹን ሳምቡሳ ተቀበልኳት። «እህቴ ብትሆን አላነሳትም ነበር፤ ማሽኑ ላይ ዓመት አቆያታለሁ። ስለዚህ እኔን አትስሚኝ» አለችኝ። ከዚያም ወደ ፊልሙ ተመልሳ አለቀሰች። አይታይም።

ሰኞ፣ 26

የሪፐብሊክ ቀን ስለሆነ አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ሕፃን የያዘ ሁሉ መጥቷል። ብቻዬን ነኝ። የሚያስቅ ፊልም፦ ሦስት ወንድማማቾች ሚስት ለማግባት አባት ይከራያሉ።

ሃያ ጉዳይ ሲል ሰዓቴን አየሁ። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። እግሬን አስተካከልኩ። ሩብ ጉዳይ ሆነ። አስር ጉዳይ። ከኋላዬ ያለ ሰውዬ በሳቅ ወንበሬን ይረግጣል። የተከራዩት አባት እውነተኛው አባት ሆኖ ተገኘ፤ በሠርጉ ላይ ጣሪያው ከነማብሰያው ድስት ወደቀባቸው፤ ሁሉም ሩዝ በሩዝ ሆነው ተጋቡ። መብራት በራ። አልቆ ሲያበቃ ማየቴ በሃያ ቀን ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው።

መንገዱን ስሻገር አልሮጥኩም። አስራ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት። በሩ ተዘግቷል። ነርሷ በመስታወቱ አየችኝና ወጣች። «ዛሬ ምን ነካሽ? የደም ግፊቱ ወርዶብን ነበር። ስምንት ጊዜ ደወልንልሽ» አለች። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼው ነበር። ፊልም ላይ ሁልጊዜ አጠፋለሁ፣ ባሌ ነው ያስለመደኝ።

ፍርድ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ 27

ለባቫጋሩ «ይግባ» አልኩት። አንድ ቃል ነው። ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ፤ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው።

ዶክተሩ፦ «ከሳምንት በፊት ቢሆን ቀላል ነበር። አሁን ዛሬ ነገ ነው። መንገዱ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሕይወት ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባም።»

ባቫጋሩ ወደኔ አላየም። እንዳያየኝ ብሎ መሬት መሬቱን አየ።

ነገ ጠዋት።

ረቡዕ፣ 28

ደረስን። በአባቱ በር ገባ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአስር። ባቫጋሩ የተቀደሰውን የቱላሲ ቅጠል ውሃ በአፉ አደረገለት።

ሁሉም እንደ ምኞታችን ሆነ ይላሉ።

ሐሙስ፣ 29

ሰው ብዙ ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሯሪ 7

አስራ አንደኛው ቀን። ዛሬ የሥርዓቱ ሁሉ ማብቂያ ስለሆነ እንደ መበለት ወግ የመስታወት አምባሬን ሰብረውልኛል፤ አንጓዬ ላይ ትንሽ ተቧጥጧል። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ምሳ በልቶ ተኝቷል። ይህን ለማንም አልነገርኩም፣ እዚህ ልጽፈው ነው።

አምቡላንሱ ውስጥ እኔና አንድ ወንድ ነርስ ነበርን። ባቫጋሩ ከሹፌሩ አጠገብ ፊት ነው፤ መሃላችን ትንሽ መስኮት አለ። ማሽኑ ከሆስፒታሉ አይወጣም፤ በመንገድ ላይ ትንፋሹ የሚሰጠው በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ፊኛ ነው። መጀመሪያ ነርሱ ጨመቀ። የወንዙን ግድብ ስናልፍ ክንዱ ደከመውና፣ «አማ፣ ትችያለሽ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለሽ ጭመቂ፣ ልቀቂ» አለኝ። እጄ መቀስ የለመደ ነው፤ ቻልኩበት። ደረቱ በእጄ ይነሳል፣ በእጄ ይወርዳል። ሦስት ሳምንት አስራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር የተሰጠኝ፤ አሁን አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ነበርኩ። ወጉን ትቼ ስሙን ጠራሁት። ሴሻጊሪ አልኩት። ከዚያ የሦስቱን ወንድማማቾች ፊልም ጀመርኩለት።

ከቴናሊ ወዲያ ባለው የቦይ ድልድይ ላይ መኪናው ዘለለ። ነርሱ ጣቱን ባሌ አንገት ላይ አደረገ። ትንሿን ስክሪን አየ፣ እኔን አየ። ሌላ ቦታ ነካ፣ ቆየ።

«አማ» አለ በሹክሹክታ። «አሁን ልትተዪው ትችያለሽ።»

እኔ አልተውኩም።

«አማ፣ ሰውየው እኮ…»

«ዝም በል» አልኩት። ሰውን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። «ከበሩ በኋላ ትናገራለህ።»

እሱም የዚሁ አገር ሰው ነው። ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞረው።

ባቫጋሩ መስኮቷን ከፍቶ፣ «እንዴት ነው?» አለ።

«ደህና ነው፤ ፊልም እየነገርኩት ነው» አልኩ። እውነትም መናገሬን ቀጠልኩ፤ ዝም ካልኩ ያውቃል ብዬ ነው። ስለተከራዩት አባት፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ሩዙ ነገርኩት። ሲያልቅ ደግሜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከድልድዩ እስከ ቤቱ ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው። ሲያወርዱት አራት ወንዶች ቃሬዛውን ያዙ፣ እኔ ከጎን ከጎን እየሄድኩ እጨምቃለሁ፤ ሴቶቹ «ተመልከቷት፣ ለደቂቃ እንኳ አልለቀቀችውም» ሲሉ ሰማኋቸው። ደፉን አለፍን። መሃል ክፍል ምንጣፍ ላይ አስተኙት፤ ባቫጋሩ ውሃውን አደረገለት፤ ደረቱ አንዴ ተነሳ፣ እኔ ነኝ። ከዚያ እጄን አነሳሁ። ነርሱ ሰዓቱን አየና «አሁን» አለ።

በበዓሉ ቀን እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ በራሱ ትንፋሽ ባይሆን በፊኛውም ቢሆን ሕያው ሆኖ ይደርስ ነበር። አስራ ሦስት ቀን ሲኒማ ቤት ያቆየሁት እኔ ነኝ። ይህ አንዱ ነው። ሌላው የባሰ ነው፤ የሞተ ሰው በሰው ደፍ አሳልፌያለሁ። በዚያ ክፍል የባቫጋሩ የልጅ ልጅ ትተኛለች፣ አምስት ዓመቷ ነው። ትናንት ስትስል ሌሊቱን ሙሉ ሳሏን ስቆጥር አደርኩ። ነገሩን ባምንበት አላደርገውም ነበር፤ ባላምንበትም አላደርገውም ነበር። የትኛው እንደሆንኩ አላውቅም።

ባቫጋሩ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ትከሻው ቀና ብሏል፣ ይበላል፣ ይተኛል። በየቀኑ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ይነግራል፦ «ወንድሜ ትንፋሹ እያለ በአባቴ በር ገባ። ሚስቱ በገዛ እጇ አስገባችው።» ስለ አባቱ ዝናብ ከእንግዲህ አያነሳም።

አሁን ከውጭ እየጠራኝ ነው። ከኔሎር የመጡ የሩቅ ዘመዶች አሉ፤ እንዴት እንደገባ ከኔው አፍ መስማት ይፈልጋሉ። መጣሁ ብያለሁ።